ከዋይኪኪ እስከ ኦሎምፒክ፦ ስለ ሃዋይ ታንኳ ቀዛፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሃዋይ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የአበባ ጉንጉንና ነጭ አሸዋ ነው። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ታንኳው ነው። ስድስት ሰው በአንድ ጠባብ ታንኳ ተራ ይዞ ይቀመጣል። መቅዘፊያውን እኩል ያነሳል፣ እኩል ይጥላል። እንዲህ እያለ ከደሴት ደሴት ይሻገራል። ስለዚህ ስፖርት ያወራሁት ሰው ሁሉ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እነሱን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታንኳው ከሌላ ታንኳ በምን ይለያል?

ታንኳ ስንል ቶሎ የሚመጣብን የጣናው የደንገል ታንኳ ነው። የሃዋዩ ሌላ ነው። ረጅም፣ ጠባብ፣ ሆዱ ክብ ነው። ብቻውን ውሃ ላይ ብትተዉት ተንከባሎ ይገለበጣል። ስለዚህ በግራ ጎኑ፣ ራቅ ብሎ፣ አብሮት የሚንሳፈፍ ረዘም ያለ ቀጭን ደጋፊ አለው። ሃዋዮች አማ ይሉታል። አማውን ከታንኳው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ቆልመም ያሉ አግዳሚዎች ኢያኮ ይባላሉ። ታንኳው ራሱ ዋአ፣ መቅዘፊያው ሆኤ ነው። እነዚህን አራት ቃላት ከያዛችሁ የቀረው ይቀላል።

ለውድድር የሚሆነው ባለ ስድስት ሰው ታንኳ ርዝመቱ 13 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ 180 ኪሎ ገደማ ነው። ጥንት የሚሠራው ኮአ ከሚባለው የሃዋይ ዛፍ ግንድ ተፈልፍሎ ነበር። ክለቦች ዛሬም የኮአ ታንኳቸውን እንደ ቤተሰብ ቅርስ ይንከባከቡታል። የዕለት ተዕለት ልምምዱ ግን በፋይበርግላስ ታንኳ ነው።

ማሊያ የምትባለውን ታንኳ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ1933 ጄምስ ታኬኦ ያማሳኪ የሚባል ባለሙያ ከኮአ የሠራት ናት። በ1959 በመርከብ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዳ ከካታሊና ደሴት በሚደረገው ውድድር ተቀዘፈባት። ከዚያ ቅርጿ ተቀድቶ የፋይበርግላስ ታንኳዎች ተሠሩ። ስፖርቱ ከደሴቶቹ ወጥቶ ዋናው አሜሪካ ላይ ሥር የሰደደው በእሷ ልጆች ነው ማለት ይቻላል። ማሊያ ዛሬ በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

ስድስቱ ቀዛፊዎች ሥራቸው አንድ ነው?

ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል። አይደለም። እያንዳንዱ ወንበር የራሱ ኃላፊነት አለው።

ፊት የሚቀመጠው አንደኛው ፍጥነቱን ይወስናል። ከኋላው ያለው ሁሉ የሚከተለው የእሱን እጅ ነው። ሁለተኛው በሌላኛው ጎን እየቀዘፈ የአንደኛውን ምት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ጎን አይቀዝፉም፤ አንዱ በቀኝ ከሆነ ቀጣዩ በግራ ነው። ከአስራ ሁለት እስከ አስራ ስምንት ምት ባለው ጊዜ ውስጥ ጎን ይቀያየራሉ። የመቀየሪያውን ጥሪ የሚያሰማው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ነው። «ሃት» ሲል አንድ ምት ይቀዝፉና «ሆ» ብለው መቅዘፊያውን ወደ ሌላው ጎን ያሻግራሉ። የአንዱ መቅዘፊያ በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ የታንኳው ፍጥነት ወዲያው ይሰበራል። ሦስተኛና አራተኛ ወንበር የጉልበተኞቹ ነው። አምስተኛው ጉልበቱም አለው፣ ሲያስፈልግ ዘዋሪውንም ያግዛል።

ስድስተኛው ዘዋሪው ነው። የማከብረው እሱን ነው። የእሱ ስህተት አምስቱንም ሰው ያደክማል። ሞገዱን ከኋላው ያነባል፣ ነፋሱን በጆሮው ይሰማል፣ ጅረቱ ወዴት እንደሚጎትት ከዳርቻው ተራራ ጋር እያስተያየ ይገምታል። በክፍት ውቅያኖስ ላይ ከኋላ የሚመጣ ሞገድ ታንኳውን አንስቶ በነጻ ይወስደዋል። ጥሩ ዘዋሪ ከአንዱ ሞገድ ወርዶ በሌላው ላይ ያሳፍራቸዋል። መጥፎው ሞገዱን እየተጋፋ ያስቀዝፋቸዋል። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቡድኖች በመጨረሻው መስመር ላይ በብዙ ደቂቃ ሲለያዩ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሰው ቀዛፊ የሚሆነው እንዴት ነው?

በክለብ ነው። ስፖርቱ የሰፈር ነው። ክለቡ ባሕር ዳር ላይ ታንኳ ማሳደሪያ ይኖረዋል፤ ከሰዓት በኋላ ከሥራና ከትምህርት የወጣው ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ በአንድ ክለብ ውስጥ በየዕድሜያቸው ይቀዝፋሉ። በበጋው (የሃዋይ በጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው) ውድድር ላይ ከ12 ዓመት በታች ካሉት ሕጻናት ጀምሮ 60 ዓመት እስካለፋቸው አዛውንቶች ድረስ ለሁሉም ውድድር አለ። የክለቡ ነጥብ የሚደመረው ከሁሉም ነው። ስለዚህ የ11 ዓመቷ ልጅ ያመጣችው ነጥብና የ60 ዓመቱ አባወራ ያመጡት ነጥብ አንድ ቋት ይገባል። ይህን አሠራር እወደዋለሁ።

በበጋ ወራት ውድድሩ አጭር ነው። አራት መቶ ሜትር አካባቢ ይጀምርና በባንዲራ ዙሪያ እየዞሩ ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በጋው ሲያልቅ የረጅሙ ርቀት ወቅት ይገባል። መስከረም መግቢያ ላይ በትልቁ ደሴት፣ በኮና፣ በንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ስም የሚጠራው ውድድር አለ፤ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ቡድኖች ለዋናው ፈተና ራሳቸውን የሚመዝኑት እዚያ ነው።

በሃዋይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ታንኳ ቀዘፋ መደበኛ ስፖርት ነው። በ1986 ደግሞ ግዛቲቱ ይፋዊ የቡድን ስፖርቷ አድርጋ በሕግ ሰይማዋለች።

ዋናው ፈተና የትኛው ነው?

ሞሎካኢ ሆኤ። ከሞሎካኢ ደሴት ተነስቶ የካኢዊን ሰርጥ አቋርጦ ኦዋሁ ደሴት ላይ ዋይኪኪ የሚያልቅ፣ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውድድር ነው። ለአንድ ሃዋያዊ ቀዛፊ «ሰርጡን ተሻግሬያለሁ» ማለት ትልቅ ነገር ነው። ስንት ሜዳሊያ አለህ ከመባል በፊት ስንት ጊዜ ተሻገርክ ነው የሚባለው።

ሐሳቡን ያመጣው ቱትስ ሚንቪዬል የሚባል ሰው ነው። ለዓመታት ሲወተውት ኖሮ በ1952 ተሳካለት። ያኔ የተሰለፉት ታንኳዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንደኛ የወጣው የሞሎካኢ ልጆች ቡድን ሲሆን የፈጀበት 8 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነው። ዛሬ ፈጣኖቹ ቡድኖች ከ5 ሰዓት በታች ይገባሉ።

ለዚህ ፍጥነት በደቡብ ፓስፊክ ያለችው የታሂቲ ደሴት ቀዛፊዎች ባለውለታ ናቸው። በ1970ዎቹ መጥተው አጠር ያለና ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም ቅዝፊያቸውን አሳዩ። ሃዋዮች ረጅምና ከባድ ምት ነበር የለመዱት። ከዚያ ወዲህ የሁሉም አቀዛዘፍ ተለወጠ። በኋለኞቹ ዓመታትም ሼል ቫአ የሚባለው የታሂቲ ቡድን ደጋግሞ አሸንፏል።

አሁን በቅርበት ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አለ። በዚህ ውድድር አንድ ቡድን ዘጠኝ ወይም አስር ሰው ይዞ ይሄዳል። ስድስቱ ይቀዝፋሉ፤ የቀሩት በሞተር ጀልባ አብረው ይጓዛሉ። ታዲያ መሃል ውቅያኖስ ላይ እንዴት ይቀያየራሉ? ታንኳው አይቆምም። ጀልባዋ ወደ ፊት ቀድማ ሦስቱን ሰዎች ባሕር ውስጥ ትጥላቸዋለች። እነሱ በታንኳው መስመር ላይ ተሰልፈው፣ ከውሃው ጭንቅላታቸውንና አንድ እጃቸውን አውጥተው ይጠብቃሉ። ዘዋሪው በቀጥታ ወደ እነሱ ይነዳል። በታንኳውና በአማው መሃል እንዲገቡለት ነው የሚያነጣጥረው። ታንኳው ሊደርስባቸው ሲል የሚወርዱት ሰዎች በቀኝ በኩል ተንከባለው ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። በዚያው ቅጽበት በግራ በኩል የሚጠብቁት የታንኳውን ጠርዝ ጨብጠው እራሳቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ። ባዶው ወንበር ላይ ዘጭ። መቅዘፊያ ማንሳት። መቀጠል። ሁሉም ነገር በሰከንዶች ያልቃል። ጠርዙን ያልያዘ ሰው አመለጠው ማለት ነው፤ ታንኳው ሰው ጎድሎት ይሄዳል። ቡድኖች ይህንን ብቻ ለሳምንታት ይለማመዳሉ።

የካኢዊ ሰርጥ ይህን ያህል የሚፈራው ለምንድን ነው?

ወርዱ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ጥልቅ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ በሁለቱ ደሴቶች መሃል ሲያልፍ ይጠብባል፣ ይበረታል። ሞገዱ ከአንድ አቅጣጫ አይመጣም። ጅረቱ ከነፋሱ ጋር ሲጋጭ ሞገዱ ሽቅብ ይነሳል። ካኢዊ የሚለው ስም ራሱ «አጥንት» ማለት ነው።

ሃዋይ የማትረሳው ታሪክ እዚህ ባሕር ላይ ሆኗል። በመጋቢት 1978 ሆኩሌአ የምትባለው፣ በጥንቱ ዓይነት የተሠራች ባለ ሁለት አካል የጉዞ ታንኳ፣ ወደ ታሂቲ ስትጓዝ ሌሊት ተገለበጠች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የዋይሜአ ባሕር ዳርቻ ነፍስ አዳኙ ኤዲ አይካው ነበር። በማግስቱ እርዳታ ሊያመጣ በሞገድ ሰሌዳው ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ላናኢ ደሴት ሄደ። ሌሎቹ በአውሮፕላን ታይተው ተረፉ። እሱ አልተገኘም። ሰርጡን የሚሻገር ቀዛፊ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቃል። ከጉዞው በፊት የሚደረገውን ጸሎትም ማንም በግዴለሽነት አይቆምበትም።

ሴቶችስ ይሻገራሉ?

በደንብ አድርገው! ግን ቶሎ አልተፈቀደላቸውም። ወንዶቹ በ1952 ሲጀምሩ ሴቶች ሰርጡን አይችሉትም ይባል ነበር። ሴቶቹ በበጋው ውድድር ላይ እየቀዘፉ፣ እየጠየቁ፣ እንቢ እየተባሉ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። በ1975 ሁለት የሴት ቡድኖች ይፋዊ ውድድር ሳይኖራቸው ሰርጡን ተሻገሩ። አይቻልም ያለው ሰው ሁሉ የሚለው አጣ። በ1979 ና ዋሂኔ ኦ ኬ ካይ የሚባለው ይፋዊ የሴቶች ውድድር ተጀመረ። ትርጉሙ «የባሕር ሴቶች» ነው። ውድድሩን ለረጅም ዓመታት የመራችው ሃኒ አንደርሰን ራሷ ቀዛፊ ነበረች።

ይህን ታሪክ ለልጆች ስነግራቸው የሚገርማቸው ሴቶቹ መቻላቸው አይደለም። የሚገርማቸው አይችሉም መባሉ ነው።

ካያክ እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ መንታ ግን አይደሉም። የታንኳው መቅዘፊያ አንድ ምላስ ብቻ አለው። የካያክ መቅዘፊያ በሁለቱም ጫፍ ምላስ አለው፣ ቀዛፊው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያስገባዋል። ታንኳው በአማ ይደገፋል። የውድድር ካያክ ምንም ደጋፊ የለውም። አንድ ሰው የሚይዘው የኦሎምፒክ ካያክ አምስት ሜትር ከሃያ ይረዝማል፣ 12 ኪሎ ይመዝናል፣ ቀጭን ስለሆነ አዲስ ሰው ገና እንደተቀመጠ ይገለበጣል።

ግን ሁለቱም የሚፈልጉት ሰውነት አንድ ነው። ከውጭ ሲታይ በክንድ የሚቀዘፍ ይመስላል። በክንድ የቀዘፈ ሰው ሃያ ደቂቃ አይቆይም። ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው፤ በወገብ ይዞራል፤ በጀርባ ያልፋል፤ ክንድ ማስተላለፊያ ነው። መቅዘፊያው ከፊት ሩቅ ቦታ ላይ ውሃ ሲጨብጥ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ወደ ራሱ አይጎትትም። መቅዘፊያው ባለበት ቆሞ ታንኳው ወደ እሱ የሚሄድ ሆኖ ነው የሚሰማው። ይህን ስሜት በልጅነቱ በታንኳ ላይ ያገኘ ሰው ካያክ ላይ ሲቀመጥ ግማሹን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ነው ከሃዋይ ታንኳ ክለቦች ወጥተው በካያክ ለአሜሪካ ኦሎምፒክ ቡድን የደረሱ ሴቶች ያሉት። ትሬሲ ፊሊፕስ በሦስት ኦሎምፒኮች ተወዳድራለች፦ ሴኡል 1988፣ ባርሴሎና 1992፣ አትላንታ 1996። ካትሪን ኮሊን የካይሉዋ ልጅ ናት፤ በሲድኒ 2000ና በአቴንስ 2004 ቀዘፈች። ሎረን ስፖልዲንግም በአቴንስ ነበረች። ሎረን ከኦሎምፒክ በኋላ ወደ ሃዋይ ባሕር ተመልሳ፣ በትዳር ስሟ ሎረን ባርትሌት ተብላ፣ በአንድ ሰው ታንኳ ሰርጡን በማሸነፍ ስሟን አስጠርታለች።

የሎረን መንገድ ስለ ስፖርቱ ብዙ ይናገራል። ለሌላ ስፖርተኛ ኦሎምፒክ የመጨረሻው ጫፍ ነው። ለሃዋይ ቀዛፊ ግን ኦሎምፒክ በመሃል የሚታለፍ አንድ ትልቅ ጣቢያ ሲሆን፣ መጨረሻው ተመልሶ ሰርጡ ነው።

ከታንኳ ወደ ካያክ መዞር ይከብዳል?

ይከብዳል፤ የሚከብደው ግን ብዙ ሰው በሚገምተው ቦታ አይደለም። ጉልበቱ አለ። የሚከብደው ዝምታው ነው። የኦሎምፒክ ካያክ የሚቀዘፈው ጸጥ ባለ ውሃ፣ በተሰመረ መስመር ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት የሴቶቹ ርቀት 500 ሜትር ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አምስትና ስድስት ሰዓት ከሞገድ ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያለ የሌለ ኃይሉን ማውጣት አለበት። ሞገድ አይሸከመውም። የሚያነበው ነገር የለም። መስመሩና ሰዓቱ ብቻ ናቸው። በዚያ ላይ ከብሔራዊ ቡድን ጋር ለመሠልጠን ከደሴቱ ርቆ ዋናው አሜሪካ መክረም አለ።

በተቃራኒው ከካያክ ወደ ውቅያኖስ የሚመጣው ደግሞ ጉልበቱን ታጥቆ ይመጣና ባሕሩን ማንበብ ያቅተዋል።

ይህ ታንኳ ኦሎምፒክ ላይ አለ?

ባለ አማው ታንኳ ኦሎምፒክ ላይ የለም። በፓራሊምፒክ ግን አለ። ከቶኪዮ 2020 ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ቀዛፊዎች በቫአ፣ ማለትም በዚሁ ባለ አማ ታንኳ ይወዳደራሉ። ቫአ የታሂቲዎች አጠራር ነው፤ ከሃዋዩ ዋአ ጋር አንድ ቃል ነው። የራሱ የዓለም ሻምፒዮናም በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። በ2004ና በ2024 አስተናጋጇ የሃዋይዋ ሂሎ ነበረች።

ብቻውን የሚሻገር ሰውም አለ?

አለ። እንዲያውም የዛሬዎቹ ሻምፒዮኖች ስም የሚወጣው በዚህ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው የአንድ ሰው ባለ አማ ታንኳ ነው፤ ስድስት ሜትር አልፎ ይረዝማል፣ ክብደቱ ግን አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመው ነው። ሁለተኛው ሰርፍስኪ ይባላል። ለውቅያኖስ የተሠራ ረጅም ካያክ ነው፣ ቀዛፊው ውስጡ ሳይሆን ላዩ ላይ ይቀመጣል። የብቻ ውድድሩ መስመር 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ኦዋሁ ላይ ሃዋይ ካይ ያልቃል።

በሰርፍስኪው ታሪክ የሚጠቀሰው ደቡብ አፍሪካዊው ኦስካር ቻሉፕስኪ ነው። መጀመሪያ ያሸነፈው በ1983፣ በ20 ዓመቱ ነበር። አስራ ሁለተኛ ድሉን ያገኘው በ2012፣ በ49 ዓመቱ። በመሃል ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለ። ይህን ቁጥር ሳየው ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። አውስትራሊያዊው ዲን ጋርዲነር ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ከወጣቶቹ የበለጡት በጡንቻ አይደለም። የትኛው ሞገድ እንደሚሸከማቸው ቀድመው ያውቁ ነበር።

ከዚህ ስፖርት መኖር ይቻላል?

ለአብዛኛው ሰው አይቻልም። ሽልማቱ ትንሽ ነው። ምርጦቹ ቀዛፊዎች እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ነፍስ አዳኞች፣ አስተማሪዎችና ግንበኞች ናቸው። ማለዳ ከሥራ በፊት ወይም ማታ ከሥራ በኋላ ይቀዝፋሉ። ጥቂቶች ታንኳና መቅዘፊያ በመሥራት ወይም በማሠልጠን ይተዳደራሉ። ኦሎምፒክ የደረሱትም ቢሆኑ በካያክ ሀብታም አልሆኑም።

ስንት ዓመት ድረስ መቅዘፍ ይቻላል?

ጆሴፍ ናፖሊዮንን ልጥራላችሁ። ሃዋይ ውስጥ «ናፒ» ካልሆነ በሌላ ስም የሚጠራው የለም። ሞሎካኢ ሆኤን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዘፈው በ1958 ነው። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ተሻግሯል። ደግሜ ልጻፈው፤ ከ50 ጊዜ በላይ። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ በሚደረግ ውድድር ማለት ነው። ወንዶች ልጆቹ አድገው አብረውት ቀዝፈዋል። ባለቤቱ አኖናም በ1961 በማካሃ የሞገድ ላይ ሸርተቴ ውድድር ያሸነፈች ባሕረኛ ናት። ሁለቱ አብረው አኑኤኑኤ የሚባለውን ክለብ መሥርተው የሰፈሩን ልጆች አሠልጥነዋል። አኑኤኑኤ ቀስተ ደመና ማለት ነው።

«የቀዛፊ የሥራ ዘመን ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ የምመልሰው የናፒን ስም ነው። ትከሻቸውና ታችኛው ጀርባቸው የሚጎዳው በብዛት አቀዛዘፋቸው የተበላሸ ሰዎች ናቸው። በወገብና በእግር የሚቀዝፍ ሰው በሌላ ስፖርት ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ ገና ወደ ዘዋሪው ወንበር እየተሸጋገረ ነው።

ዱክ ካሃናሞኩ ዋናተኛ አልነበረም እንዴ?

ነበር፤ ቀዛፊም ነበር። በ1912 በስቶክሆልም የ100 ሜትር ነጻ ዋና ወርቅ ወሰደ፣ በ1920 በአንትወርፕ ደገመው። በዓለም የታወቀው በዚህና በሞገድ ሸርተቴው ነው። ዋይኪኪ ላይ ግን ሰው የሚያውቀው በታንኳውም ጭምር ነበር። እሱ ባደገበት ባሕር ዳርቻ ዋና፣ ሞገድና ታንኳ የተለያዩ ስፖርቶች አልነበሩም፤ ሦስቱም የአንድ ቀን ውሎ ናቸው። ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ሁዪ ናሉ ክለብ ዛሬም ታንኳ ይቀዝፋል። በ1968 ሲሞት ሕዝቡ ዋይኪኪ ላይ ተሰብስቦ፣ አመዱ በታንኳ ተወስዶ ለባሕሩ ተሰጠ።

ታንኳው ቢገለበጥስ?

ይገለበጣል። ሃዋዮች ሁሊ ይሉታል። አዲስ ሰው ታንኳ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚነገረው «ወደ ግራ፣ ወደ አማው ተደገፍ» የሚል ነው። አማው ከውሃው ተነስቶ ወደ ላይ ከወጣ አለቀ፤ ታንኳው በቀኝ ይዞራል።

ሲገለበጥ ሁሉም ሰው ከውሃው ብቅ ብሎ የወንበሩን ቁጥር ይጮኻል። አንድ! ሁለት! ሦስት! ዘዋሪው ስድስት እስኪሞላ ሌላ ነገር አይነካም። ከዚያ መቅዘፊያዎቹ ይሰበሰባሉ። ሁለት ሰው አማው ጋ ዋኝቶ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ሌሎቹ የተገለበጠው ታንኳ ሆድ ላይ ወጥተው፣ ኢያኮውን ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ወደ ኋላ ይንጠለጠላሉ። ታንኳው ቀስ ብሎ ይዞርና በአንድ ጊዜ ቧ ብሎ ይቀናል። እስከ አፉ ውሃ ሞልቶታል። አንዱ ዘሎ ይገባና በባልዲ መቅዳት ይጀምራል። የሠለጠነ ቡድን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደገና እየቀዘፈ ነው።

እኔም መሞከር ብፈልግ የት እሄዳለሁ?

ሃዋይ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው የአሜሪካ ከተሞች አካባቢ ክለቦች አሉ። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ብዙ ናቸው። በሲያትልም አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በፖቶማክ ወንዝ ይቀዘፋል። ኒውዮርክም አለ። አብዛኞቹ ክለቦች አዲስ ሰው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ አንድ ሁለት ቀን እንዲሞክር ይፈቅዳሉ። መቅዘፊያና የሕይወት አድን ሰደርያ ከእነሱ ነው።

ዋና መቻል ግዴታ ነው። በዚህ አትቀልዱ። ሊርስ የሚችል ልብስ፣ ኮፍያ፣ ውሃ መጠጫ ያዙ። ጫማ ታንኳው ውስጥ አያስፈልግም፤ አሸዋው ላይ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ታንኳውን ከዳር ወደ ውሃው የሚሸከሙትና የሚገፉት ሁሉም አብረው ነው፤ ቆማችሁ አትዩ፣ ጠርዙን ያዙ። በታንኳው ላይ ተራምዳችሁ አትለፉ፤ እንደ ንቀት ይቆጠራል። በመጀመሪያው ቀን የሚያስቀምጧችሁ መሃል ወንበር ላይ ነው። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ትከሻ ብቻ እዩ። እሱ ሲያጎነብስ አጎንብሱ፣ መቅዘፊያው ውሃ ሲነካ የእናንተም ይንካ። ጥሪውን የሚያሰማው ሰው «ሃት» ሲል አንድ ጨምሩና ወደ ሌላው ጎን አዙሩ።